የማይታጠበው በርሜል

ነገሩ የተጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020፣ በሴፕቴምበር ወር፣ ማክሰኞ ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሂልቶፕ በሚባል ሰፈር፣ ብሮድ ስትሪት ላይ ባለች አንዲት ሱቅ ደጃፍ ማስኬን ደጋግሜ እያስተካከልኩ፣ ለመግባት ድፍረት እስካገኝ መስኮቱን የማነብ መስዬ ቆሜ ነበር። ሱቋ ቤታቸው ቢራ ለሚጠምቁ ሰዎች ብቅል፣ እርሾ፣ ደምጃንና የመቅጃ ጎማ ትሸጣለች። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ቤቱ ስለዋለ ጠማቂው በዝቶ፣ ባለቤቷ ሠራተኛ ትፈልግ ነበር።

በመጨረሻ በሩን የከፈተችው እሷው ናት። ሊንዳ ትባላለች። ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ አጠር ያለች፣ ቀድሞ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የሠራች ሴት ናት።

"ትገቢያለሽ ወይስ መስኮቱን ልትገዢው ነው?" አለችኝ።

ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። አገር ቤት ባዮሎጂ ተምሬያለሁ፤ እዚህ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ስካን ሳደርግ ነው የቆየሁት። ይህንኑ ስነግራት፣ "ባክቴሪያ ትፈሪያለሽ?" አለችኝ። "አልፈራም" አልኳት። "እሱ ነው የሚያስፈልገኝ" ብላ ሽርጥ ወረወረችልኝ። ኢንተርቪው የተባለው ይኸው ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ወፍጮ ነበር። ለጠመቃ የሚሆን ብቅል ይሰነጠቃል እንጂ አይደቅም። ገለባው ሳይሰባበር መቅረት አለበት፤ በኋላ ማጥለያ ሆኖ የሚያገለግለው እሱ ነው። እኔ ግን በጥንቃቄ ብዛት ወፍጮውን አጥብቄ የአንድ ደንበኛ ብቅል ዱቄት አደረግሁት። ሊንዳ አንድ ጭብጥ አንስታ አየችውና፣ "በዚህ ዳቦ ይጋገራል" አለች። ሌላ መዘነችለትና የመጀመሪያውን ለዶሮዎቿ ወሰደችው።

ከሰዓት በኋላ ምድር ቤቱን አሳየችኝ። ደረጃው ሥር ሁለት መደርደሪያ አለ። በግራው ያሉት ጎማዎች፣ ማንቆርቆሪያዎችና ውታፎች ምንም ምልክት የላቸውም። በቀኙ ያሉት ሁሉ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል። ቀዩ የኮምጣጣ ቢራ ዕቃ ነው። ኮምጣጣ ቢራ የሚጠመቀው ከፓኬት በወጣ እርሾ ብቻ አይደለም፤ ከአየር፣ ከፍራፍሬ ልጣጭ፣ ከዛፍ በተያዘ የዱር እርሾና ባክቴሪያ ነው። እነዚህ ነገሮች ፕላስቲክ ጭረት ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። ቀይ ጎማ አንድ ጊዜ ወደ ግራው መደርደሪያ ከተሻገረ የግራው ቢራ ሁሉ ይኮመጥጣል። "ሥራውን ሁሉ ብትረሺ ቀዩን አትርሺ" አለችኝ።

ከቀዩ መደርደሪያ አጠገብ በርሜሉ ተጋድሟል። ስልሳ ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ድሮ ወይን ጠጅ የነበረበት የኦክ እንጨት በርሜል ነው። የሱቁ ደንበኞች የሆኑ አሥራ ሁለት ቤተሰቦች የጋራ ንብረት ነበር። ሊንዳ ከጓሮዋ የፖም ዛፍ ሥር ቀዝቃዛ የብቅል ውሃ በማሰሮ አስቀምጣ፣ አፉን በሻሽ ሸፍና በያዘችው እርሾ የተጀመረ ነው። በየዓመቱ ጁን ላይ ግማሹ ይቀዳና ቤተሰቦቹ ይካፈሉታል፤ በምትኩ አዲስ ይጨመርበታል። ስለዚህ ከተጀመረ ጀምሮ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር። ታጥቦም አያውቅም። እርሾውና ባክቴሪያው ቢራው ውስጥ ብቻ ሳይሆን እንጨቱም ውስጥ ይኖራሉ።

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ አልጠጣም። ይህን ለሊንዳ ለመናገር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። "ታዲያ እንዴት ትቀምሻለሽ?" አለችኝ። "አሸታለሁ። አስፈላጊ ከሆነ አፌ ውስጥ አዙሬ እተፋለሁ" አልኳት። "ባለሙያዎቹም የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው" አለችና በዚሁ አለፈችው። ቸርች ውስጥ ሥራዬን ሲጠይቁኝ "ሪቴይል" እላለሁ። ውሸት አይደለም።

በስድስት ወር ውስጥ ከወፍጮ ወደ እርሾ ፍሪጅ፣ ከእርሾ ፍሪጅ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። በእኛ ሱቅ ዕድገት ማለት መውረድ ነው። የፒኤች መለኪያውን ማስተካከል፣ ከአራት ነጥብ አምስት በላይ የሆነ የዱር ጠመቃ ማንም እንዳይቀምስ መጠበቅ፣ ደምጃኑ ውስጥ ቢራው ላይ የሚሠራውን ነጭ ቆዳ ሳይነኩ ከሥሩ መቅዳት፣ ይህን ሁሉ ተማርኩ።

ከሁሉ በላይ የተማርኩት ግን መጠበቅ ነው። አንድ ቀን ከደምጃኖቹ አንዱ እንደ ተልባ ተዝለገለገ። በማንኪያ ሳነሳው ክር እየሠራ ወረደ። ደንግጬ ልደፋው ወደ ማጠቢያው ተሸክሜው ስሄድ ሊንዳ ደረጃው ላይ አገኘችኝ።

"የት ልትወስጂው ነው?"

"ተበላሽቷል።"

"አልተበላሸም፤ ታሟል። ይድናል። ወደ ቦታው መልሺውና አትዪው።"

መለስኩት። ሦስት ወር ቆይቶ ውሃ መስሎ ጠራ፤ ሽታውም ከሁሉ በለጠ። ከዚያ ወዲያ ምንም ነገር ቶሎ መወሰን እንደ ነውር ሆኖ ይታየኝ ጀመር። ተፈጥሮዬም ዝምታ ስለሆነ ይህ የሥራ ደንብ ተስማማኝ።

እትዬ አስካለ የመጡት በ2021 የፀደይ ወራት ነው። ልጃቸው ሄለን ነርስ ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሉዊስ ሴንተር ትልቅ ቤት ገዝታ እናቷን አምጥታለች። እትዬ አስካለ ደብረ ብርሃን ሠላሳ ዓመት ጠላ ቤት ነበራቸው። አሁን ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ሆነው ሣር ሲታጨድ በመስኮት ያያሉ። ሄለን ስለ ሱቁ ሰምታ ይዛቸው መጣች።

ከገብሱ ብቅል አንድ ፍሬ አንስተው ማስካቸውን ዝቅ አድርገው አኘኩት። "ጣፋጭ ነው። ጉልበት ግን የለውም" አሉ። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝና በአማርኛ፣ "አንቺ የማን ልጅ ነሽ? ለመሆኑ ትጠምቂያለሽ ወይስ ሽርጥ ብቻ ነው የለበስሽው?" አሉኝ።

"እጠምቃለሁ፤ እንኳን ደህና መጡ።"

"ትጠጫለሽ?"

"አልጠጣም። ጴንጤ ነኝ።"

"እግዚኦ በሉ! የማትጠጪውን ለሰው ትጠምቂያለሽ? እኛ አገር እንዲህ ያለችውን መርዘኛ ነው የሚሏት!" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሄለን በእንግሊዝኛ "ማም፣ ፕሊዝ" አለች። እኔ ግን ወደድኳቸው።

ሊንዳ ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ጥግ ሰጠቻቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ ሄለን ጠዋት ታደርሳቸዋለች፤ ማታ እኔ ኖርዝላንድ ወዳለው ቤቴ ከመሄዴ በፊት በመኪናዬ ሉዊስ ሴንተር አደርሳቸዋለሁ። ከሞርስ ሮድ የሐበሻ ሱቆች ጌሾና ወይራ ይገዛሉ። ሄለን ከአገር ቤት አንድ ትንሽ እንስራና ደረቅ የግራዋ ቅጠል አምጥታላቸዋለች። እንስራውን በግራዋ ፈትገው፣ በወይራ ጭስ አጥነው ጥንስሳቸውን ይጥላሉ። ጥጉ በአንድ ወር ውስጥ የሳቸው ሆነ። ሊንዳ ስትወርድ "አስካ!" ትላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ "ሊንዲ!" ይሏታል። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ ሳታውቅ ስለ ጥንስስ የሚወያዩት በጣት፣ በአፍንጫና በፊት ነበር።

በዚያ ዓመት በጋ የበርሜሉ ቤተሰቦች ክለብ ሲሰበሰብ እትዬ አስካለ ጠላቸውን አቀረቡ። መቅጃውን ይዘው ከመቅዳታቸው በፊት መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። ግሬግ የሚባል የክለቡ አባል፣ ጺማም የቧንቧ ሠራተኛ፣ "ምን እያደረገች ነው?" አለኝ።

"መርዝ እንደሌለበት ማሳየታቸው ነው። ቀጂ መጀመሪያ ራሷ ትቀምሳለች።"

"አምና የኔን ቢራ ስቀዳ ይህ ደንብ ቢኖር ኖሮ ዛሬ በሕይወት አልኖርም ነበር" አለ። ሁሉም ሳቁ። እትዬ አስካለ "ምን አለ?" ብለው እስክተረጉምላቸው አልጠበቁም፤ አብረው ሳቁ። ጠላው ተጠጥቶ አለቀ። መኪና ውስጥ፣ "እዪኝ እንግዲህ፣ ዛሬ ሠራተኛ ሆንኩ" አሉኝ። ከመጡ ወዲህ እንደዚያ ቀን ተደስተው አላየኋቸውም።

በርሜሉን ግን አይወዱትም ነበር።

"ይሄ መቼ ነው የሚታጠበው?" አሉኝ አንድ ማክሰኞ።

"አይታጠብም፣ እትዬ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተጀመረ ስድስት ዓመት አልፎታል።"

አማተቡ። "ስድስት ዓመት! እኔ ቤት ጋን ሳይታጠብ አንድ ቀን ቢያድር ጎረቤት ስሜን ያጠፋው ነበር። ምስኪን ሊንዲ! የሚያግዛት የለም እኮ።"

"ሁልጊዜ ሙሉ ስለሆነ ነው" አልኳቸው። ይህ ትክክለኛ መልስ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ስለ እንጨቱ ማስረዳት ረጅም መሰለኝ፤ ደንበኛም ይጠብቀኝ ነበር።

በ2022 ጃንዋሪ በርሜሉ ማፍሰስ ጀመረ። የምድር ቤቱ ማሞቂያ እንጨቱን አድርቆት አንዱ የብረት ቀለበት ላልቷል። ሊንዳ ግማሹን ቢራ ለቤተሰቦቹ በጠርሙስ ሞላች፤ ግማሹን በቀዩ ጎማ ወደ ደምጃኖች ቀዳችው። በርሜሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ሆነ። ደንቡ በዚህ ጊዜ በሙቅ ውሃ ብቻ ቶሎ አለቅልቆ፣ ቀለበቱን አጥብቆ፣ ሳይውል ሳያድር መልሶ መሙላት ነው። እኔ በዚያ ሳምንት ኮቪድ ይዞኝ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ። ማክሰኞ ዕለት ሊንዳ የቀለበት ማጥበቂያ ከአንድ በርሜል ሠሪ ልትዋስ ሄደች። እትዬ አስካለ ምድር ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ።

የሆነውን በኋላ ከሁለቱም ሰምቼዋለሁ። እትዬ አስካለ በርሜሉን ባዶውን፣ ውታፉ ተነቅሎ፣ አተላው ሥሩ ደርቆ አገኙት። ምድር ቤቱ ወደ ኋላ ፓርኪንግ የሚያወጣ በር አለው። በርሜሉን እያንከባለሉ አወጡት። ከግራዋቸው ያላቸውን ሁሉ ከፈላ ውሃና ከጠጠር ጋር ጨመሩበት። የሄለንን ትልቅ የክረምት ጃኬት ለብሰው፣ በረዶው ላይ ወዲያና ወዲህ አንከባለሉት። ውሃው እስኪጠራ ደጋገሙት። ከዚያ በአሮጌ ድስት ላይ ወይራ አቀጣጥለው፣ የበርሜሉን አፍ ወደ ታች ደፍተው አጠኑት። ሊንዳ ስትመለስ ጭሱ በእንጨቱ ስንጥቅ ሁሉ ይወጣ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኮል አደረገችኝ። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር።

"ፌቨን፣ አስካ በርሜሉን አጥባዋለች።"

"በምን?"

"በዚያ በመራራው ቅጠል። ከዚያም አጭሳዋለች።"

አልጋዬ ላይ ተነስቼ ተቀመጥኩ። "ምን አልሻቸው?"

"ምን ልበላት? ፊቷን ብታዪው ኖሮ። ስጦታ እንደምትሰጠኝ ነበር። አቅፋ ሳመችኝ። እኔም ሳቅኩላት። ታንክ ዩ አልኳት። ዎንደርፉል አልኳት።"

"እኔ ልንገራቸው? አሁን መደወል እችላለሁ።"

"ቆይ፣ አትደውዪ" አለች። "በሙቅ ውሃ ደጋግሜ አለቀልቀዋለሁ። ቢራውን እንመልስበት። ምናልባት በጊዜ ይጠፋል። ካልጠፋ ያኔ እንነግራታለን።"

"እሺ" አልኩ። ለዚህ ሥራ አዲስ የሆናችሁ ይህን እንድታዩት እፈልጋለሁ፦ ከሙያው አንጻር የተባለው ሁሉ ትክክል ነበር። ቢራው ደምጃን ውስጥ ብዙ ቢቆይ አየር ያገኘዋል፤ ሌላ በርሜል አልነበረንም፤ በኮምጣጣ ቢራ ሥራ ደግሞ ስድስት ወር ሳይጠብቁ መፍረድ የጀማሪ ሥራ ነው። ቢራው ተመለሰ። እኛም መጠበቅ ጀመርን።

እትዬ አስካለ ግን በየማክሰኞው ይመጡ ነበር። ከደረጃው ሲወርዱ መጀመሪያ በርሜሉን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል።

"እንዴት ሆነች? ከታጠበች ወዲህ ደህና ናት?"

"እየቆየ ነው፣ እትዬ።"

"ይቆይ፣ ይቆይ። አሁን ንጹሕ ቤት አለው።"

ማርች ላይ ለናሙና ስቀዳ ሽታው የታጨሰ ሥጋ ነበር። ኤፕሪል ላይ ጭሱ አልቀነሰም፤ ከሥሩ የግራዋው ምሬት ብቅ አለ። ፒኤቹ መውረዱን አቁሟል። ለሊንዳ ቁጥሩን አሳየኋት። "ትንሽ እንጠብቅ" አለች። ሜይ ላይ እኔው ራሴ "ትንሽ እንጠብቅ" አልኩ፤ ምክንያቱም መጠበቁን ካቆምን መናገር ሊኖርብን ነው። ቢራው እንደማይድን ሁለታችንም በዚያ ወር አውቀናል።

ጁን ላይ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ክለቡ በኋላው ፓርኪንግ ወንበር ዘርግቶ ተሰበሰበ። የበርሜሉ ጊዜ ነበር። ሊንዳ ለአባላቱ አስቀድማ ነግራቸዋለች፤ በርሜሉ ታጥቧል፣ አስካ ደግ ሐሳብ ነበራት፣ አትጉዷት። እትዬ አስካለ ቀኑ ማክሰኞ ባይሆንም ሄለንን ለምነው መጥተዋል። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

ሊንዳ ቀድታ መጀመሪያ ለእሳቸው ሰጠቻቸው። ጎንጨት አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እሰይ!" አሉ። "አሁን ቤት ቤት አለ።" ለእሳቸው ጥሩ ነበር። ጠላ የለመደ ሰው ጭስ ካላገኘ ጎደለ ይላል እንጂ በዛ አይልም።

ቀጥሎ ለሌሎቹ ተቀዳ። እትዬ አስካለ ወንበራቸው ላይ ዞር ብለው ሁሉንም ያዩ ነበር። አንዷ ሴት "ኢንተረስቲንግ" አለች። ሌላው "ልዩ ነው" አለ። ግሬግ፣ ሁልጊዜ አፉ የማያርፈው ግሬግ፣ "በጣም... ካምፕ ፋየር" አለና አውራ ጣቱን አነሳላቸው። ሁሉም ፈገግ አሉ። እትዬ አስካለም መልሰው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ቆመ። ምን እንደሆኑ ልጠይቃቸው ጎንበስ ስል፣ ክንዴን ያዝ አድርገው "እንሂድ" አሉኝ።

ሰቨንቲ ዋን የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ወጣን። የሥራ መውጫ ሰዓት ስለነበር መንገዱ ተጨናንቋል።

"ምን ሆነ?" አሉኝ።

"ምኑ፣ እትዬ?"

"አንቺ ልጅ፣ እኔን ምኑ አትበዪኝ። ጠላ ሻጭ የሰው ፊት አይደለም የምታየው፤ ብርጭቆ ነው። ሁሉም አፋቸው ይስቃል፤ ብርጭቋቸው ሙሉ ነው። ያ ጺማሙ የራሱን ሣሩ ላይ ደፋው። የማላየው መስሎት።"

ነገርኳቸው። መንዳቱ ዓይናቸውን ከማየት ስላዳነኝ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ እንጨቱ፣ እንጨቱ ውስጥ ስለሚኖሩት፣ ግራዋና ጭስ ምን እንደሚያደርጋቸው፣ ቢራው መዳን እንደማይችል። በዩኒቨርሲቲ እንደተማርኩት አድርጌ በቅደም ተከተል አስረዳሁ።

"ገደልኩት በይኛ" አሉ ስጨርስ።

"እርስዎ በምን ያውቃሉ? አልነገርንዎትም እኮ።"

"አለማወቄንማ አውቃለሁ። እሱ አይደለም።" ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። "ያጠብኩት በጥር ነው። በጥር አውቃችሁታል?"

"አዎ።"

"ያን ቀን ሊንዲ ሳቀችልኝ። አቀፈችኝ።"

"ክፋት አስባ አይደለም፣ እትዬ። ቅር እንዳይልዎት ብላ ነው።"

"ክፋትማ የለባትም። ስሚኝ፣ ፌቨን። እኔ ቤት ጠላ የከፋ ቀን ሰው ደጄ ላይ ይደፋዋል። 'አስካለ፣ ዛሬስ ጉድ ሠራሽን!' ይሉኛል። ይሰድቡኛል። አፍራለሁ፣ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ፣ በማግስቱ ሌላ እጥላለሁ፤ እነሱም ተመልሰው ይመጣሉ። እናንተ ግን አምስት ወር ሙሉ በርሜሉን ስዳብስ እያያችሁ ዝም አላችሁ። የሚሳቀው ለእንግዳ ነው። እኔ ከእናንተ ጋር የምሠራ መስሎኝ ነበር።"

ይቅርታ ማለት ትዝ ያለኝ ቤታቸው ደጃፍ ከደረስን በኋላ ነው። "ይቅር ለእግዚአብሔር፤ በይ በሰላም ግቢ፣ መንገዱን ቀስ ብለሽ ንጂ" አሉኝ። ሌላ ጊዜ ካልገባሽ ብለው እጄን የሚጎትቱት ሴትዮ በሩን ራሳቸው ከፍተው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ሱቁ አልመጡም። እንስራቸውን ሄለን መጥታ ወሰደችው። ለበዓል እደውላለሁ፤ "እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ልጄ" ይሉኛል፤ ስለ ጤናዬና ስለ ትዳር ይጠይቁኛል፤ ስለ ሥራው ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ቢራው ተደፋ። እርሾውን አባላቱ ካስቀመጧቸው ጠርሙሶች አተላ መልሰን አራብተነዋል፤ ደህና ቢራ ይወጣዋል። በርሜል ሌላ ተገዝቷል። የምድር ቤቱ ጥግ ባዶ ነው፤ ሊንዳ ዕቃ ልታስቀምጥበት ጀምራ ትታዋለች።

ከሥራው የተማርኩትን ለሚቀጥሉት መናገር ካለብኝ ይህ ነው፦ ቢራን መጠበቅ ትክክል ነው። ለሥራ ባልደረባ የሚነገር ነገር ግን በዚያው ቀን ይነገራል። ቢራው መጥፎ ሆኖ መውጣቱን ለማረጋገጥ ወራት ያስፈልጋሉ፤ በርሜሉ መታጠብ እንዳልነበረበት ለመናገር ግን አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

እትዬ አስካለን ቤታቸው ባደረስኩ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱቁን እኔ ከፈትኩ። ሊንዳ ስትመጣ ወፍጮው አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋት። አብዛኛውን ጊዜ እሷ ካልጠየቀችኝ አልናገርም። ያን ቀን ግን ጃኬቷን ሳታወልቅ፣ "ትናንት ለእትዬ አስካለ ሁሉንም ነገርኳቸው" አልኳት። መኪና ውስጥ ያሉትን፣ ስለ ብርጭቆው፣ ስለ ሳቁ፣ ስለ እንግዳውም፣ አንድም ሳላለዝብ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩላት።

ቁልፏን በእጇ እንደያዘች ቆመች። "ጥሩ ሰው ልሁን ብዬ እኮ ነው" አለች።

"አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነኝ።"

ውጭ የመጀመሪያው ደንበኛ መኪናውን እያቆመ ነበር። ሊንዳ ወደ ደረጃው አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ።

"ማክሰኞ ትመጣ ይሆን?" አለችኝ።

እንደ ልማዴ ፈገግ ልልላት ጀምሬ ነበር። ተውኩት።

"አይመጡም" አልኳት።